ባለ 12 ቮልት ፋን በ7 ቮልት፦ የኮምፒውተርን ጩኸት በርካሽ ስለማብረድ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ሜሞሪውና ስለ ዲስኩ ይጠይቃል፤ ስለ ድምፁ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ድምፁ የሚታወቀው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ፣ ሰፈሩ ጭር ሲል ነው። የጩኸቱ ዋና ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የኬዙ ፋን ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ኖረውም አልኖረው፣ ፋኑ 12 ቮልቱን ሙሉ እየወሰደ ይሽከረከራል። ቮልቱ ዝቅ ሲልለት ይረጋጋል። ይህን የማያውቅ የጥገና ባለሙያ የለም፤ ልዩነቱ የሚመጣው በምን መንገድ ይቀነስ፣ እስከ ስንት ይውረድ፣ የትኛው ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የሚለው ላይ ነው። እዚህ ላይ ምክሩ ይበዛል። ግማሹ ጊዜ ያለፈበት ነው፤ አንዳንዱም ዕቃ ያቃጥላል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፋንን ጸጥ ማሰኘት ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ጸጥ ያለው ፋን ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ግራሶው ደርቆ፣ በብርድ ማለዳ ማብሪያው ሲጫን ተነስቶ እንዲዞር ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ዘዴዎች ሁሉ የምመዝናቸው በዚህ ነው።

በፋን ድምፅ መማረር ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አፕል 3 እና በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ፋን እንዳይኖራቸው አድርገዋል፤ አፕል 3 በሙቀት ችግር ስሙ እንደጠፋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰሮች ኃይል እየበሉ ሄዱ። በ2004 ከወጡት የፔንቲየም 4 ፕሬስኮት ቺፖች ትልልቆቹ የተሠሩት 115 ዋት ሙቀት እንደሚያወጡ ታስቦ ነው። ይህን ሙቀት የማስወጣት ዕዳ የወደቀው ስፋታቸው 80 ሚሊሜትር በሆነ ትንንሽ ፋኖች ላይ ስለነበር በከፍተኛ ፍጥነት ከመሽከርከር በቀር አማራጭ አልነበራቸውም። ቮልት የመቀነሱ ዘዴ ከእጅ ወደ እጅ የተዛመተው በዚያ ዘመን ነው። የዛሬው ፋን 120 ወይም 140 ሚሊሜትር ነው፤ ሰፊ ስለሆነ እየተዝናና ዞሮ ያንኑ አየር ያወጣል። እኛ አገር በየቢሮውና በየኢንተርኔት ቤቱ ካሉት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ግን ብዙዎቹ የቀድሞውን ዓይነት ፋን እንደያዙ ናቸው።

ቮልት መቀነስ የሚያዋጣው ለምንድን ነው? ፋን በደቂቃ የሚዞረው ዙር በግምት ከሚያገኘው ቮልት ጋር አብሮ ይወርዳል። የሚያወጣው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ድምፁ ግን ከሁለቱም ፈጥኖ ነው የሚወርደው፤ መሐንዲሶች በሚሠሩበት ቀመር መሠረት ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ የፋኑ ድምፅ 15 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የሰው ጆሮ ደግሞ የ10 ዲሲቤል ቅናሽን የሚሰማው ጩኸቱ በግማሽ እንደቀነሰ አድርጎ ነው። በ12 ቮልት 1200 ዙር የሚዞር ፋን በ7 ቮልት ወደ 700 ይወርዳል፤ ድምፁ ከ11 እስከ 12 ዲሲቤል ይቀንሳል። ከአየሩ 40 በመቶ ያህሉን ሰጥተው ከጩኸቱ ግማሹን ያህል ይገላገላሉ ማለት ነው። ከ7 ወደ 5 ሲወርዱ ግን ጆሮ የሚለየው ነገር እያነሰ፣ የሙቀቱ ጣጣ እየበዛ ይሄዳል።

ቮልት የማይፈውሰው ጩኸትም አለ። ኩሽኔታው ተበልቶ የሚንኳኳ ፋን በ7 ቮልትም ይንኳኳል፤ መድኃኒቱ መለወጥ ብቻ ነው። ፋኑ የታሰረበት ላሜራ የሚርገበገብ ከሆነ በብሎኑና በላሜራው መካከል ጎማ ማስገባት ከየትኛውም ሬዚስተር ይበልጣል። በርካሽ ኬዞች ላይ ደግሞ ከፋኑ ፊት ላሜራው ተበስቶ የተሠራ ወንፊት አለ፤ አየሩ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ያፏጫል። ስለዚህ ሽቦ ከመቁረጥ በፊት ፋኑን መጥረግና ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማዳመጥ ይገባል። ቀላል ፈተና አለ፦ ፋኑ እየዞረ ሳለ ኬዙን በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት። ድምፁ ከተለወጠ ችግሩ ላሜራው ነው።

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት፣ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ዋና የሆነ አንድ ነገር ከፍታ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው የአየር ይዘት በሊትር ሲለካ አይቀንስም፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን ክብደቱ ነው። 100 ዋት በሚያሞቅ ኬዝ ውስጥ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ አየር ቢያልፍ፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ የሚወጣው አየር ከገባው በ5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ አዲስ አበባ ላይ በ6 ዲግሪ ከሩብ። ፋኑን በግማሽ ሲያዘገዩት የጂቡቲው 10 ዲግሪ፣ የአዲስ አበባው 12 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። ለሰርቨር ክፍሎች መመሪያ የሚያወጣው የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ይህንኑ ያውቀዋል፦ እስከ 35 ዲግሪ የሚፈቀድለት ተራ ሰርቨር ከ900 ሜትር በላይ ሲወጣ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ እንዲቀነስለት ያዛል። አዲስ አበባ ላይ 35ቱ 30 ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም። የአዲስ አበባ አየር ነፋሻ ስለሆነ ከፍታው የወሰደውን ብርዱ ይመልሳል፤ አየሩ መሳሳቱም የፋኑን ድምፅ 2 ዲሲቤል ያህል ያለዝባል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላለ ሰው፣ ኤሲ በሌለበት ክፍል ዱባይ ለሚኖርም፣ ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደ ኬዙ የሚገባው አየር ራሱ ትኩስ ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ “በ5 ቮልት ምንም አይሆንም” የሚል ምክር በራስ ኮምፒውተር ላይ በሙቀት ንባብ ሳይረጋገጥ መወሰድ የለበትም።

ወደ ዘዴዎቹ ልግባ። የመጀመሪያው ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዘሎት ያልፋል። ባለ ሦስት ፒን ፋን በማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ፣ ከዐሥር ዓመት ወዲህ ከተሠሩት ቦርዶች አብዛኞቹ ቮልቱን ራሳቸው ይቀንሱለታል። ባለ አራት ፒን ከሆነ ደግሞ ቮልቱ 12 እንደሆነ ይቆይና በአራተኛው ሽቦ በሚላክ ፈጣን ምልክት ፍጥነቱ ይታዘዛል። አሱስ ኪው-ፋን፣ ጊጋባይት ስማርት ፋን ይለዋል፤ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ለቆዩት ቦርዶች ስፒድፋን፣ ለአዲሶቹ ፋን ኮንትሮል የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። የዚህ መንገድ ብልጫ ሙቀት ሲጨምር ፋኑንም መልሶ ማፍጠኑ ነው፤ ሬዚስተርም ሆነ ዳዮድ ይህን አያውቁም። ቦርድዎ ይህን የሚችል ከሆነ የቀረውን ጽሑፍ ለጎረቤትዎ ይተዉለት።

የማይችል ቦርድ ግን ብዙ ነው። የቆዩት የፕሮሰሰሩን ፋን ብቻ ይቆጣጠሩና የኬዙን በሙሉ ቮልት ይለቁታል። አንዳንዱ ፋን ደግሞ ከነጭራሹ ማዘርቦርዱን ሳይነካ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣው ትልቁ ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ላይ የተሰካ ነው። ሽቦ መንካት የሚጀመረው እዚህ ነው፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ሶኬት ላይ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ኔጋቲቭ ናቸው። በባለ ሦስት ፒን ፋን ላይ ግን 12 ቮልቱን የሚቀበለው ቀዩ ሲሆን ቢጫው ፍጥነት ነጋሪ ነው። ባለ አራት ፒኑ ጋ ሲደርሱ እንደገና ይገለበጣል፤ ቢጫው 12 ቮልት፣ አረንጓዴው ፍጥነት ነጋሪ፣ ሰማያዊው ትእዛዝ ተቀባይ ይሆናል። የዘንድሮ ፋኖች ብዙዎቹ ሽቦአቸው ሁሉ ጥቁር ነው። በቀለም አይመኑ፤ ፒን ይቁጠሩ። አንደኛው ኔጋቲቭ፣ ሁለተኛው 12 ቮልት፣ ሦስተኛው ፍጥነት ነጋሪ ነው። የሚቆረጠው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

ሬዚስተር በሰፊው የታወቀ ዘዴ ነው። ፋኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ 12 ቮልት፣ 0.18 አምፔር ይላል እንበል። 12ን ለ0.18 ሲያካፍሉ 67 ኦም ገደማ ይመጣል። በሁለተኛው ሽቦ መሐል 47 ኦም ሬዚስተር ቢገባ ፋኑ 7 ቮልት ያህል ይደርሰዋል። ሬዚስተሩ ላይ ግማሽ ዋት የሚሆን ሙቀት ይቀራል፤ ስለዚህ በየሬዲዮው ውስጥ የሚገኘው ቀጭኑ የሩብ ዋት ሬዚስተር ይቃጠላል፤ የ1 ዋት ወይም የ2 ዋት ያስፈልጋል። ኖክቱዋ የተባለው የኦስትሪያ አምራች ከብዙ ፋኖቹ ጋር በካርቶን ውስጥ የሚሰጠው ድምፅ ቀናሽ አጭር ገመድም ውስጡ ይኸው ሬዚስተር ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው። ፋን ከቆመበት ሲነሳ ብዙ አምፔር ይስባል፤ አምፔሩ ሲበዛ ሬዚስተሩ የሚይዘው ቮልትም ይበዛል። ፋኑ ጉልበት በሚፈልግባት በዚያች ቅጽበት ከሁሉ ጊዜ ያነሰ ቮልት ይደርሰዋል። ከሬዚስተሩ ጎን ትልቅ ካፓሲተር አስረው ለመነሻ ምት የሚሰጡ አሉ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ሥራው ከርካሽነት መውጣት ይጀምራል።

እኔ የማደላው ለዳዮድ ነው። ተራው 1ኤን4007 የሚባለው ዳዮድ የሚያልፍበት አምፔር ቢበዛም ቢያንስም ወደ 0.7 ቮልት ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ስድስቱ በተርታ ሲበየዱ 4.2 ቮልት ይቀንሱና ፋኑ 7.8 ይደርሰዋል፤ ሰባት ሲሆኑ 7.1። ሲነሳም ሆነ ሲዞር ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ በሬዚስተር እምቢ ያለ ፋን በዳዮድ ሲነሳ ይታያል። እስከ 1 አምፔር ስለሚችል አንድ ሰንሰለት ሁለት ሦስት ፋን ይሸከማል። ዳዮድ ለመግዛት ገበያ መውጣት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ኤሌክትሪክ ኃይል አንድ ሰሞን የድሮውን አምፖል እየተቀበለ በምትኩ ያከፋፈላቸው ዓይነት ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ነጩ የፕላስቲክ እግራቸው ውስጥ ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ በውስጧም ብዙውን ጊዜ አራት 1ኤን4007 ተሰልፈው ይገኛሉ። ሁለት የተቃጠሉ አምፖሎች ስምንት ዳዮድ ይሰጣሉ። ቱቦው ሜርኩሪ ስላለበት እንዳይሰበር፤ የሚፈታው እግሩ ብቻ ነው፣ ያውም አምፖሉ ከሶኬቱ ወጥቶ ከቆየ በኋላ። ዳዮዱ ጥቁር ሆኖ በአንድ ጫፉ ብርማ ቀለበት አለው። በሁለተኛው ሽቦ ላይ ሲገባ የሁሉም ቀለበት ወደ ፋኑ መዞር አለበት፤ አንዱ እንኳ ቢገለበጥ ፋኑ አይዞርም፣ ሌላ ጉዳት ግን የለውም። ብየዳው ካለቀ በኋላ ሰንሰለቱን በናስትሮ ወይም በሙቀት በሚሰበሰብ ላስቲክ መሸፈን ነው።

አምስት ቮልት ምንም ዕቃ አይፈልግም። የፋኑ ፖዘቲቭ ከ12ቱ ፈንታ በ5ቱ ላይ ይሰካል፣ አለቀ። በኤሌክትሪክ በኩል ነውር የለበትም። ችግሩ አንዳንዱ ፋን በ5 ቮልት እየተንቀሳቀሰ ከሆነ የሚቀጥል፣ ከቆመበት ግን የማይነሳ መሆኑ ነው። ዛሬ የተነሳ ከሁለት ዓመት በኋላ ላይነሳ ይችላል። ለሁለተኛ ደረጃ ፋን ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ያለው ብቸኛ የኬዝ ፋን ከሆነ አልመክረውም። ሌላው አደጋ ሰዎች የፋኑን ሶኬት ትተው የፓወር ሰፕላዩን ፒን አውጥተው ማለዋወጣቸው ነው። ነገ ሌላ ሰው በዚያ ሶኬት ላይ ሃርድ ዲስክ ይሰካል፤ 5 ቮልት በሚጠብቀው ጎን 12 ይገባና ዲስኩ ከነመረጃው ይሄዳል። የፋኑን ወገን እንጂ የፓወር ሰፕላዩን ወገን አይንኩ።

ከሁሉ ብልጥ የሚመስለው የ7 ቮልቱ ዘዴ ነው፤ ስሙም ከሁሉ የገነነ ነው። የፋኑ ፖዘቲቭ በ12ቱ ላይ፣ ኔጋቲቩ ደግሞ በጥቁሩ ፈንታ በ5ቱ ላይ ይታሰራል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 7 ቮልት ነው። ሬዚስተር የለ፣ ዳዮድ የለ። ነገር ግን ዘዴው የተወለደው ፕሮሰሰሩ ራሱ ኃይሉን ከ5 ቮልቱ መስመር ይወስድ በነበረበት ዘመን ነው። ከፋኑ የሚመለሰውን 0.1 አምፔር ያ ሁሉ ዕቃ ሲጠጣው አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ፔንቲየም 4 ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ወደ 12 ቮልቱ መስመር ተዛወረ፤ ዛሬ ከ5 ቮልቱ የሚጠጡት ዲስኩና የዩኤስቢ ዕቃዎች እንጂ ብዙ አይደሉም። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አምፔር ለመስጠት እንጂ ለመቀበል አልተሠራም። ጠጪው ሲያንስና ፋኑ ሲበዛ የ5 ቮልቱ መስመር ወደ ላይ ይገፋል። የከፋው፣ ፋኑ ውስጡ ቢገናኝ 12 ቮልቱ በቀጥታ ዲስክና ዩኤስቢ ላይ ይለቀቃል። የፍጥነት ነጋሪው ሽቦም ማዘርቦርድ ላይ ከተሰካ ኔጋቲቩ ከፍ ስላለ የተሳሳተ ቮልት ወደ ቦርዱ ይልካል። ጥቂት ዳዮዶች ይህንኑ 7 ቮልት ያለ አደጋ እየሰጡ ሳለ ይህን የሚያስመርጥ ምክንያት አይታየኝም። ሠርተውት ለዓመታት ምንም ያልሆኑ አሉ፤ እውነት ነው። ፋናቸው አልተቃጠለም ማለት ብቻ ነው።

ሁለት ፋን በተርታ አስሮ ለእያንዳንዱ 6 ቮልት ማካፈልም የሚነገር ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ክፍፍሉም እኩል አይሆንም፤ አንዱ ሲቆም ሌላውም ይቆማል። ልለፈው።

ሦስትና ከዚያ በላይ ፋን ላለው ሰው ከዳዮድም የሚበልጥ ነገር በርካሽ ይገኛል፦ ኤልኤም2596 የተባለችው የቻይና ትንሽ ቦርድ። 12 ቮልት ተቀብላ የፈለጉትን ታወጣለች፤ እንደ ሬዚስተር ቮልቱን ወደ ሙቀት ስለማትለውጠው አትግልም። በላይዋ ያለውን የሰማያዊ ሳጥን የነሐስ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ እያዞሩ ቮልቱን በቴስተር ማየት ነው፤ ፋኑ የሚሰካው ቴስተሩ 7 ካሳየ በኋላ ነው። ኤልኤም317 የሚባለው አሮጌው ቺፕም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እሱ ግን የተረፈውን ሁሉ በሙቀት ስለሚያባክን የራሱን ማቀዝቀዣ ላሜራ ይጠይቃል። የኮሪያው ዛልማን ፋንሜት የሚባል፣ በእጅ የሚዞር ጉብ ያለው፣ ከ5 እስከ 11 ቮልት የሚሰጥ ዝግጁ ዕቃ ይሠራ ነበር። ያገለገለውን ያገኘ ሰው ይጠቀምበት።

በባለ አራት ፒን ፋን ላይ ከእነዚህ አንዱንም አልመክርም። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ 12 ቮልት ተስተካክሎ እንዲደርሰው የተሠራ ስለሆነ ቮልቱም ትእዛዙም በአንድ ላይ ሲቀንሱበት ይወላውላል። እሱን በትእዛዝ ሽቦው ብቻ መግዛት ነው።

መነካት የሌለባቸውም አሉ። በርካታ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች ላይ ከፊት ያለው አንዱ ፋን በፕላስቲክ መተላለፊያ በኩል ፕሮሰሰሩንም የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፤ ያን ማዘግየት የኬዝ ፋን ማዘግየት አይደለም። ፍጥነቱ ከተወሰነው በታች ከወረደም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የፋን ብልሽት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ኤፍ1 እስኪጫን ይጠብቃል። የፓወር ሰፕላዩ የራሱ ፋን ደግሞ ጨርሶ አይነካ። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ የሚቆዩ አሉ።

ስለ ሙቀቱ፣ ፕሮሰሰር በዛሬ ጊዜ ራሱን ያድናል፤ ሲግል ይዘገያል፣ ሲብስበት ይጠፋል። እንደዚያ ራሱን የማያድነው ሃርድ ዲስኩ ነው። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሙቀትና የዲስክ ብልሽት የሚገመተውን ያህል እንዳልተያያዙ፣ ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በጣም በሞቁና በቆዩ ዲስኮች ላይ እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ ዲስኩ ከ45 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ በጥቂት ዲግሪ መጨመር እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ኬዙን ወዲያው አይዝጉ። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ጠፍቶ ይደር። በማለዳ፣ ክፍሉ ሳይሞቅ፣ ጎኑ ክፍት እንደሆነ ያብሩትና ፋኑን ይመልከቱ፤ ሳያመነታ መነሳት አለበት። አጥፍተው ደጋግመው ይሞክሩት። ከዚያ ዘግተው አንድ ሰዓት ከባድ ሥራ እያሠሩት የፕሮሰሰሩንና የዲስኩን ሙቀት ያንብቡ። ይህን ፈተና በዓመት አንድ ጊዜ፣ የበጋው አቧራ ከተጠረገ በኋላ፣ ይድገሙት። ፋኑ ለመነሳት ካመነታ አንድ ዳዮድ ይቀንሱለት፤ ያን ጊዜም ካመነታ ኩሽኔታው አልቋልና ይለውጡት።